ቡሽ የበላው ዘጠና ስድስት

«ለዛሬ ብቻ እርስዎ በይኝ» አላት ታናሽ ወንድሟ፣ የማንቆርቆሪያውን ሆድ መስታወት አድርጎ ከረባቱን እያሰረ።

መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እንዴት አትስቅ! ይህን ልጅ ንፍጡን እየጠረገች ያሳደገችው እሷ ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠዋለች። የለበሰውን ሸሚዝ የተኮሰችው እሷ፣ የሻዩን ስኳር ለክታ ያማሰለችለትም እሷ። እሱ ግን አልሳቀም። ከረባቱን ፈትቶ እንደገና እያሰረ፣ ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው ሳያነሳ ያስረዳት ጀመር። አመሻሹ ላይ እሱ የሚሠራበት ወይን አስመጪ ድርጅት፣ እሷ በምትሠራበት ምግብ ቤት የቅምሻ እራት አለው። «ለአንቺው ብዬ ነው» አላት። «ወይኖቹን የመረጠችው እሷ ናት ብዬ በሰው ፊት ልመሰክርልሽ ነው። እህቴ መሆንሽን ካወቁ ግን ምስክርነቴ ምን ዋጋ አለው? ለእህቱ ቦታ ሊያስይዝ ነው ይሉኛል። አንተ ካልሽኝ ደግሞ ወዲያው ይነቃብናል።» ዝምድናቸው በእናት በኩል ነው፤ የአባታቸው ስም ስለሚለያይ እስከ ዛሬ ማንም አላወቀባቸውም።

ቦታ የተባለው ይሄ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ምድር ቤቱን አስጠርጎ ስምንት መቶ ጠርሙስ የሚይዝ የወይን ክፍል አሠርቷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ መደርደሪያውም ባዶ ነው፤ በሩ ላይ ግን «ኃላፊ» የሚል የነሐስ ጽሑፍ ከወዲሁ ተለጥፏል። ኃላፊው ማን እንደሚሆን ዛሬ እራቱ ላይ እናገራለሁ ብሏል። እሷ በዚያ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ጠርሙስ ስትከፍት ኖራለች፤ ያውም ቆማ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ወንበር ስቦ «ተቀመጪ እስቲ፣ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ያላት አንድ ሰው የለም። ስለዚህ ያንን ክፍል ፈለገችው። ለማንም አፍ አውጥታ ባትናገርም፣ ሌሊት እየነቃች ጠርሙሶቹን በየመደርደሪያው እስክትደረድር ድረስ ፈለገችው።

እናታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሳምንቱን እንክብል በየቀኑ እየለዩ ነበር። «አንድ ቀን ነው፤ ምን አለበት?» አሉ። «እርስዎ ስላልሽው ከላይሽ ተቆርሶ የሚሄድ ነገር የለ።» እሷም እሺ አለች። ሻይ ጠጡ። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ የሦስቱም ጉልበት ሊነካካ ምንም አልቀረው፤ ቢሆንም ማንም ማንንም አላየም። ሲወጣ የድርጅቱን መኪና ቁልፍ በእጁ እያቅጨለጨለ፣ «አብረን ብንታይ ደግሞ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ገባት። የሚሄዱት ወደ አንድ ሰፈር፣ መኪናው ባዶ፣ እሷ ግን አውቶቡስ ውስጥ ብረት ላይ ተንጠልጥላ፣ የሰው ክርን ጎኗን እየጎሸማት ሄደች። መንገዱን ሙሉ በሆዷ እርስዎ፣ ይምጡ፣ ይሂዱ፣ ይቀመጡ እያለች ተለማመደች። ምላሷ እሺ አይላትም።

ምግብ ቤት ውስጥ ሁሉም ቡሼ ነው የሚሏት። ከጠርሙስ ያወጣችውን ቡሽ ሳታሸት መጣል አይሆንላትም፤ አሽትታ ደግሞ ኪሷ ትከተዋለች፤ የሽርጧ ኪስ ሁልጊዜ እንደተነፋ ነው። ስሙን ያወጣላት ባለቤቱ ነው። ከፍቅር ይሁን ወይስ ጭንቅላቷ ቡሽ ነው ለማለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልለየላትም። እንግዶቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ብርጭቆ። ሰባ ሁለት ብርጭቆ በፈላ ውሃ እንፋሎት እያጠነች፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ስትወለውል የምሳ ሰዓት አለፈ። ስድስቱ ጠርሙሶች ቡናማ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፎባቸው ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። የእራቱ ስም «ከዘጠና በላይ» ነው። ለወይን ከመቶ ነጥብ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ልክ እንደ ፈተና። ስድስቱም ከዘጠና በላይ ያገኙ ናቸው። እንግዶቹ የጠርሙሱን ስም ሳያዩ እያነጻጸሩ ደረጃ ያወጣሉ፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ይገፈፋል።

«እኔ በዕድሜዬ ከዘጠና በላይ አምጥቼ አላውቅም» አለች ሼፏ፣ እንጉዳይ እየከተፈች። «ጠርሙስ ያመጣል እንዴ!»

«አራት ቁጥር ዘጠና ስድስት ነው። ዋጋው የእኔ የሁለት ወር ደመወዝ።»

«ታዲያ እጅሽ ላይ ቢሰበርስ?»

«አታሟርቺብኝ!» አለቻትና ጠርሙሱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ራቅ አደረገችው።

እነዚህን ስድስት ወይኖች ቀደም ብላ ታውቃቸዋለች። ባለፈው ወር ወንድሟ ሠላሳ ናሙና ጠርሙስ በካርቶን ቤት ድረስ ተሸክሞ መጥቶ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በሻይ ብርጭቆ እየቀዳች፣ እያሸተተች፣ አፏ ውስጥ እያንከባለለች መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ስትተፋ፣ እናታቸው «ሰው በገንዘቡ የገዛውን ትተፊዋለሽ?» እያሉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ስድስቱን መረጠች። ስለ እያንዳንዳቸው በካሬ ደብተር ላይ ጻፈች፤ ቃሉ እስኪመጣላት እርሳሷን እየነከሰች። ደብተሩን ወንድሟ «ላንብበው» ብሎ ወሰደው። አልመለሰውም።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘና፣ «እህት፣ እባክሽ» ብሎ ጠራት። ልብ በሉ፤ እህት! ለማያውቁት አስተናጋጅ እንደሚባለው። ወይ ጉድ፣ ቃሉ ያው ቃል ነው፤ ከአፉ ሲወጣ ግን የማታውቀው ሰው በመንገድ የጠራት መሰላት። «ይቅረቡ ጌታዬ» አለችው። ከዚያ ዋናውን ነገር አነሳችለት። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ስድስቱንም ከፍታ ልታሸታቸው ይገባል፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችው እንደዚህ ነው። ምክንያቱም ቡሽ የበላው ወይን የሚባል ነገር አለ። ቡሹ ራሱ ይበላሽና ወይኑን ያበላሸዋል። አይጎዳም፣ አይኮመጥጥም፤ ብቻ ዝናብ ያገኘው ካርቶን፣ ውሃ የገባበት ምድር ቤት ይሸታል። የፈለገ ውድ ይሁን፣ ቡሽ የበላው ለሰው አይቀርብም፤ ይቅርታ ተብሎ ሌላ ይከፈታል። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ሰው ፊት ነው የሚከፈተው። ቡሹ ሲወጣ ድምፁን ይስሙት እንጂ፤ እራቱ እኮ ትርዒት ነው። ደግሞ ከእያንዳንዱ ያለን አንድ አንድ ጠርሙስ ነው፤ ቢበላሽስ ምን ልታደርጊ?» አላት። ይሄ ድርጅቱ የሽያጭ ሥልጠና ላይ ያስተማረው መልስ መሆን አለበት። ጥርሷን ነክሳ ወደ ብርጭቆዎቿ ተመለሰች።

እንግዶቹ በአሥራ አንድ ሰዓት ተሰበሰቡ፤ ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም። ከሁሉ ድምፁ የሚሰማው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ የወይን ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ ነው፤ ብርጭቆ ሲያነሳ ትንሿን ጣቱን ያቆማል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ራስጌ ተቀምጧል። ወንድሟ በጠረጴዛው ግርጌ ቆሞ ደብተር ገለጠ፤ የእሷን ደብተር፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ያለበትን። አንደኛውን ከፍታ ቀዳች። እሱ አነበበ። «ይህ ወይን አዲስ ጫማ ይዞ ቤት እንደሚገባ ሰው ነው፤ መጀመሪያ ቆዳው ይሸታችኋል።» አጨበጨቡ። ሁለተኛውንም አነበበ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ደግሞ የአያቴን የልብስ ሣጥን ያስታውሰኛል» አለ፤ አንዷ ሴትዮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ውይ!» አለች። አያታቸው አንድ ስለሆኑ ውሸት አይባልም። ግን ያንን ሣጥን ከፍቶ አሽትቶት ያውቃል? እሱ ሲወለድ ሣጥኑ ተሸጦ ነበር። ከወዲያኛው ጥግ ጠርሙስ ይዛ ቆማ፣ የገዛ ዓረፍተ ነገሮቿ ኮት ለብሰው በፊቷ ሲንሸራሸሩ እየሰማች፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ስሜን ያነሳል እያለች ጠበቀች። የማነው ምርጫው ብሎ የጥርስ ሐኪሙ ሲጠይቀው፣ «ብዙ ደክመንበታል» አለ። ደክመንበታል! በብዙ ቁጥር። ቢሆንም ገና ሦስት ወይን ይቀራል ብላ ራሷን አጽናናች።

አራት ቁጥርን ከፈተችው። ቡሹን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እንደገና አሸተተች፤ ጠርሙሱን አሸተተች፤ መቅመሻ ብርጭቆዋ ውስጥ ጠብታ ቀድታ ቀመሰች። እንጆሪው የለም፣ ጭሱ የለም፣ ያ ሁሉ የጻፈችለት ነገር ውሃ በልቶታል። የቀረው እርጥብ ካርቶን ብቻ ነው። ዘጠና ስድስቱን ቡሽ በልቶታል። ጠርሙሱን እንደያዘች በጠረጴዛው ዙሪያ ዞራ ወንድሟ ጆሮ ስር ሄደችና፣ «ጌታዬ፣ ይሄን ቡሽ በልቶታል፤ አይቀርብም» አለችው በሹክሹክታ። ፈገግታውን ሳይፈታ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ቅጂ» አላት። «ይቅርታ ብለው ወደ አምስት ይለፉ፤ እኔ ላስረዳቸው» አለችው። «ቅጂ አልኩሽ፣ እህት» አለና ደብተሩን ገለጠ። እንጆሪ ብሎ ሊያነብላቸው ነው! እሷ የጻፈችውን እንጆሪ፣ እርጥብ ካርቶን ላይ! ይሄኔ ደሟ ፈላ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስታሠለጥነው የዋለችው ምላስም አመለጣት።

«አንተ! ስማኝ እንጂ! ይሄ አይቀዳም እያልኩህ!»

ሹካ አንጠልጥሎ የቀረም ነበር። ባለቤቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣ «ማንን ነው አንተ የምትይው?» አላት። «ለእንግዳ ነው አንተ የሚባለው? አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩሽ ይሄን ነው?» እሷ ባለቤቱን አላየችውም። ወንድሟን ነበር የምታየው። የሚፈለገው ሁለት ቃል ነው፤ እህቴ ናት። ሳቅ ብሎ ቢላት ሁሉም ይስቃል፤ ነገሩም ያበቃል። እሱ ግን የአፍ መጥረጊያውን አንስቶ ምንም የሌለበትን አፉን ጠረገ። «ምንም አይደለም» አለ፤ «ደክሟት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለዋለች ነው።» ባለቤቱ ስለ እሷ ይቅርታ ጠየቀው። ወንድሟም በትልቅ ሰው ትሕትና ይቅርታውን ተቀበለ። እሷ ቀዳች። ምን ታድርግ? አሥራ ሁለቱም ብርጭቆ ላይ እኩል አድርጋ፣ ጠብታ ሳታንጠባጥብ ቀዳች፤ እጇ የለመደውን ሥራ ያለ እሷ ሠራ።

ከዚያ የሆነውን ማንም ቢያወራላት አታምንም ነበር። ወንድሟ «እንጆሪ፣ ትንሽ ጭስ፣ አሁን የተቀረጸ እርሳስ ቅርፊት» ብሎ አነበበ፤ አሥራ ሁለት አፍንጫ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። «እርሳሱ መጣልኝ!» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጣቱን አቁሞ። «ጭሱ ደግሞ ኋላ ላይ ነው የሚመጣው» አለች ያቺ ሴትዮ። አንዱማ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። አይ ሰው! አምስትና ስድስትም ተቀምሰው ድምፁ ሲቆጠር ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ አራት ቁጥርን አንደኛ አድርገውታል። ወረቀቱ ተገፎ ዘጠና ስድስቱ ሲታይ የጥርስ ሐኪሙ ጠረጴዛውን መታ። «እኔማ ሳልቀምሰው ነው ያወቅኩት! አስተናጋጇ አይቀዳም ብላ ስትሟገትለት፣ ይሄ ነገር የተለየ ነው አልኩ።» ሁሉም ሳቁ፤ ባለቤቱም ሳቀ። እሷ የበሰበሰውን ጠርሙስ ላስጥል ብላ የጮኸችው፣ ጠርሙሱን አንደኛ አስወጥቶት ቁጭ አለ።

ባለቤቱ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። አራት ቁጥርን ለአዲሱ ክፍል በብዛት እንደሚያዝ ተናገረ፤ ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረ። «ስለ ኃላፊው ቃል ገብቼ ነበር» አለ። «እንደ እውነቱ ከቤት ሰው ላደርግ አስቤ ነበር፤ ግን ዛሬ እንዳያችሁት ነው፤ ከእንግዳ ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ወይንን እንዲህ አድርጎ የሚተርክ ሰው ደግሞ በሕይወቴ አላየሁም። ድርጅትዎን ይተዉና ከእኔ ጋር ይሥሩ።» ወንድሟ ደብተሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ። እሷ ያለችበትን ጥግ ብቻ ሳያይ ቀረ። «በጣም ደስ ይለኛል» አለ። ጭብጨባው ሲጀመር እሷ የአራት ቁጥርን ትራፊ ይዛ በሚወዛወዘው በር ወደ ወጥ ቤት ገባች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። ማልቀስ እንኳ ቢመጣላት ደግ ነበር።

ሼፏ ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተችው። «እፍ! እርጥብ መወልወያ!» አለች። ሼፏ እንኳ፣ ሽንኩርት ሲያጥናት የዋለችው! ብዙም አልቆየ ወንድሟ ተከትሏት ገባ። «እታለም፣ ምን ላድርግ?» አላት፤ አሁን እታለም ሆነች። «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንም ልበለው? ደግሞ ለአንቺም ይጠቅምሻል፤ እኔ እዚያ ካለሁ...» አላስጨረሰችውም። የቀረችውን ጉንጭ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ። አልተፋም፤ ዋጠው፤ ጥቂት ብቻ ብርጭቆው ሥር ቀረ። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው እኮ። ምኑ ነው የተበላሸው?»

እየዋሸ አልነበረም። ፊቱን ታውቀዋለች፤ ሲዋሽ ግራ ጆሮው ይቀላል። አልቀላም። እሷ ምሽቱን ሙሉ እያወቀ ነው የሸፈነው ብላ ነበር የተቃጠለችው፤ ውሸታም ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። ይሄ ሰው ከነገ ወዲያ ያንን በር ከፍቶ ሊገባ ነው፣ ስምንት መቶ ጠርሙስ ሊረከብ ነው፣ ከእርጥብ ካርቶንና ከእንጆሪ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ አያውቅም። እያንዳንዱን ጠርሙስ እሷ ታሸትለታለች፣ እሱ ይናገራል፤ ዕድሜ ልኳን። አይሆንም! ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበለችው፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። እሱም «እታለም! እታለም!» እያለ ከኋላዋ ወጣ።

በቀጥታ ባለቤቱ ጋ ሄደች። «ጌታዬ፣ አራት ቁጥር የተበላሸ ነው» አለችው። «ቡሽ በልቶታል። ደህናው ጠርሙስ ሲመጣ ዛሬ የጠጡትን አይመስልም። ሳይቀዳ ነግሬው ነበር፤ አንተ ያልኩትም ወንድሜ ስለሆነ ነው። የእናቴ ልጅ ነው።» ባለቤቱ ብርጭቆውን ከእጇ ወስዶ አሸተተ፣ ለጥርስ ሐኪሙ አቀበለ፤ የጥርስ ሐኪሙም አሽትቶ «እርሳስ» አለ። «እኔም ጥሞኛል» አለ ባለቤቱ። «የጣመኝን ነው የምገዛው እንጂ!» ከዚያ አንዴ እሷን አንዴ ወንድሟን አየና ሳቁ መጣበት። «ወንድምሽ? ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም! እኔ ደግሞ ባለጌ ሆና ነው ብዬ ተናድጄ!» «ለዚህ ነዋ አንተ ያለችው!» አለች ያቺ ሴትዮ፤ ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሟም ሳቀ፤ ከልቡ፣ ከባድ ዕቃ እንደወረደለት ሰው። ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። በሰው ፊት እህቱ የሆነችው ይሄኔ ነው።

«በቃ ተገላገልን!» አለ ባለቤቱ፣ ብርጭቆውን እያነሳ። «ቤተሰብ ከሆናችሁማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? አንቺ ታሸቻለሽ፣ እሱ ይናገራል!»

«መናገርም እችላለሁ» አለች። «ዛሬ ያነበበላችሁ ሁሉ የእኔ ቃል ነው፤ ደብተሩም የእኔ ነው። ክፍሉን ለእኔ ይስጡኝ።»

ግን ብርጭቆዎቹ መጋጨት ጀምረው ነበር፤ ሳቁም ገና አላበቃም፤ ባለቤቱ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ብርጭቆ ለማጋጨት ፊቱን አዙሮ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በጎን አይቷት ስለነበር፣ ጆሮውን ወደ ወንድሟ አስጠግቶ ጠየቀው።

«ምን አለች?»

ወንድሟ አያት። ክንዱ ገና ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃል በቃል የሰማት እሱ ብቻ ነው።

«እሺ ነው ያለችው» አለ።